ትኩሳቱ ሲበርድ የሚጀምረው አደጋ፦ ቢጫ ወባ፣ የደም መርጋት ችግርና የቡና ለቀማ ወራት

በቡና ለቀማ ወራት በሚዛን ቴፈሪ፣ በቴፒ፣ በበበቃና በዙሪያቸው ባሉ ቀበሌዎች ፋታ የለም። የቀላ ቡና ዛፉ ላይ ብዙ አይቆይም፤ ከዘገየ ይደርቃል፣ ይረግፋል፣ ጥራቱም ዋጋውም ይወርዳል። ስለዚህ አርሶ አደሩ ቤተሰቡን ይዞ ገና ጎሕ ሲቀድ ይወጣል፤ ትላልቅ እርሻዎችም ከሌላ አካባቢ ለቃሚ ያስመጣሉ። በዚህ ጊዜ ትኩሳት የያዘው ሰው ሁለት ሦስት ቀን ተኝቶ ትንሽ ሲሻለው ቅርጫቱን አንሥቶ ወደ ማሳው መመለሱ የተለመደ ነው። በሽታው ቢጫ ወባ ከሆነ ግን ትልቁ አደጋ የሚጀምረው «ተሽሎኛል» በተባለበት ቀን ሊሆን ይችላል።

ይህ ሲባል አሁን በአካባቢው ወረርሽኝ አለ ለማለት አይደለም። ነገር ግን ደኑ፣ ጦጣውና ጉሬዛው፣ ጓሮው፣ ትንኟና የሰው እንቅስቃሴው በሽታው በአንድ ወቅት በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ብዙ ሕዝብ ከፈጀበት ዘመን እምብዛም አልተለወጡም። ስለዚህ የበሽታውን አካሄድ፣ በተለይም ደም እንዳይረጋ የሚያደርግበትን መንገድ ማወቅ ለአርሶ አደሩም ሆነ ለወረዳ አመራሩ ይጠቅማል።

ወባ ያልሆነ «ወባ»

ቢጫ ወባ በስሙ ከወባ ጋር ይምታታል። ወባን የሚያመጣው ጥገኛ ተውሳክ ሲሆን ቢጫ ወባን የሚያመጣው ቫይረስ ነው። የወባ ትንኝ የምትናደፈው በአብዛኛው በሌሊት ነው። ቢጫ ወባን የምታስተላልፈው ኤደስ የምትባለው ትንኝ ግን በቀን፣ በተለይም በማለዳና ወደ ምሽት በሚጠጋው ሰዓት ትናደፋለች። ይህም ሰው ቡና በሚለቅምበት፣ ውሃ በሚቀዳበትና በጓሮው በሚሠራበት ሰዓት ነው። የአልጋ አጎበር ከወባ ቢከላከልም ማሳ ላይ ላለ ሰው ከቢጫ ወባ አያድንም። የወባ መድኃኒትም በቫይረሱ ላይ አይሠራም።

ቫይረሱ ወደ ሰውነት ከገባ በኋላ ሕመሙ የሚታየው ከ3 እስከ 6 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ነው። ብዙ ሰው ተይዞም ሳይታመም ያልፋል። የሚታመመው ሰው ድንገተኛ ትኩሳት፣ ራስ ምታት፣ የጀርባና የጡንቻ ሕመም፣ ማቅለሽለሽና ትውከት ይሰማዋል። እስከዚህ ድረስ ከወባ፣ ከተስቦ ወይም ከኃይለኛ ጉንፋን ለመለየት ያስቸግራል። በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ቀን ትኩሳቱ ይበርዳል። አብዛኛው ታማሚም በዚያው ይድናል።

ከታመሙት ሰዎች 15 በመቶ ያህሉ ግን ከአንድ ወይም ከሁለት ቀን እፎይታ በኋላ በሽታው ይመለስባቸዋል። በዚህ ጊዜ ጉበትና ኩላሊት ይጠቃሉ። ዓይን ቢጫ ይሆናል፣ ሽንት ይጠቁራል ወይም ይቀንሳል፣ ሆድ ያማል። ከድድ፣ ከአፍንጫና ከሆድ ዕቃ ደም ይፈሳል። ትውከቱም የጀበና አተላ መስሎ ይጠቁራል፤ ይህ ጨጓራ ውስጥ የፈሰሰ ደም ነው። ወደዚህ ደረጃ ከደረሱት ታማሚዎች ግማሽ ያህሉ ከ7 እስከ 10 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ሕይወታቸው ያልፋል።

ደሙ ለምን አልረጋ አለ?

ሰውነት ሲቆረጥ ደም የሚቆመው በሁለት ተከታታይ ሥራዎች ነው። በመጀመሪያ ፕላትሌት የሚባሉ ጥቃቅን የደም ክፍሎች በተቀደደው ቦታ ላይ ይከመራሉ። ቀጥሎም በደም ውስጥ ያሉ ደም የሚያረጉ ፕሮቲኖች እንደ ክር ተጠላልፈው ክምሩን ያጠብቁታል። የውሃ ቦይ የተቀደደበት አርሶ አደር መጀመሪያ ድንጋይ ጥሎበት ከዚያ በጭቃ እንደሚመርገው ማለት ነው። ጭቃ የሌለው ድንጋይ ውሃ ያሳልፋል፤ ድንጋይ የሌለውን ጭቃ ደግሞ ውሃው ይዞት ይሄዳል።

ደም የሚያረጉ ፕሮቲኖች አብዛኞቹ የሚሠሩት ጉበት ውስጥ ነው። የቢጫ ወባ ቫይረስ ደግሞ ከሁሉ በላይ የሚያጠቃው ጉበትን ነው። ጉበት ሲጎዳ ፕሮቲኖቹ በበቂ መጠን አይመረቱም። በዚያው ልክ የፕላትሌት ቁጥር ይቀንሳል፤ የቀረውም እንደ ወትሮው አይሠራም። የደም ሥሮች ውስጠኛ ግድግዳም ይጎዳል። በከባድ ሁኔታ ደግሞ በጥቃቅን የደም ሥሮች ውስጥ ያለ ቦታው የረጋ ደም ይፈጠርና የቀረውን ፕላትሌትና ፕሮቲን ይጨርሰዋል። በዚህም ምክንያት አንድ ታማሚ በውስጥ ደሙ እየረጋ በውጭ ሊደማ ይችላል።

ይህ ችግር የቢጫ ወባ ብቻ አይደለም። የማርበርግ፣ የኢቦላና የከባድ ዴንጊ ሕመሞችም በየራሳቸው መንገድ ደም የመርጋት ሥርዓቱን ያናጋሉ። ማርበርግ ለዚህ አካባቢ ሩቅ አይደለም፤ በደቡብ ኢትዮጵያ ክልል በጂንካ መከሰቱ ኅዳር 5 ቀን 2018 ዓ.ም ይፋ ተደርጓል። ሁለቱ በሽታዎች በመተላለፊያ መንገዳቸው ይለያያሉ። ቢጫ ወባ በትንኝ እንጂ ታማሚን በመንካት አይተላለፍም፤ ማርበርግ ግን በታማሚው ደምና የሰውነት ፈሳሽ ይተላለፋል። በዓይን ብቻ ለይቶ ማወቅ ስለማይቻል፣ ምርመራው እስኪለየው ድረስ ትኩሳት ኖሮት የሚደማን ሰው ደም፣ ትውከትና ልብስ በባዶ እጅ መንካት አይገባም።

ቤት ውስጥ የሚደረግ ስሕተት

በገጠር ትኩሳትና የሰውነት ቁርጥማት ሲመጣ በቅርብ የሚገኘው የሕመም ማስታገሻ ነው። ብዙ ሰው አስፕሪን፣ ኢቡፕሮፌን ወይም ዳይክሎፌናክ ይገዛል፤ የዳይክሎፌናክ መርፌ የሚጠይቅም አለ። እነዚህ መድኃኒቶች የፕላትሌትን ሥራ ያዳክማሉ፣ ጨጓራን ያቆስላሉ፣ ኩላሊትንም ሊጎዱ ይችላሉ። ጉበቱ በቫይረስ ለተጎዳ ሰው ሦስቱም ጉዳቶች በአንድ ላይ ይመጡበታል። ደሙ የማይረጋ ሰው ጡንቻው ላይ መርፌ ሲወጋም በተወጋበት ቦታ ደም ሊቋጥር ይችላል።

ለትኩሳት የሚመረጠው ፓራሲታሞል ነው። እርሱም ቢሆን ከተፈቀደው መጠን ካለፈ ጉበትን ስለሚጎዳ በባለሙያ ትእዛዝ መወሰድ አለበት። ምንነቱ ያልታወቀ የሥራሥር መድኃኒት መጠጣትም በተጎዳ ጉበት ላይ ተጨማሪ ሸክም ነው።

የመድኃኒት ምርጫው ምን ያህል ጥንቃቄ እንደሚፈልግ የ2012 ዓ.ም ተሞክሮ ያሳያል። በየካቲት ወር በጉራጌ ዞን በእነሞርና ኤነር ወረዳ ቢጫ ወባ ታየ። መጋቢት 4 ቀን ደግሞ በሀገራችን የመጀመሪያው የኮቪድ-19 ታማሚ ተገኘ። ሁለቱም የቫይረስ በሽታዎች ናቸው፤ ሁለቱም ሲከብዱ ደም የመርጋት ሥርዓቱን ያናጋሉ፤ ግን በተቃራኒ አቅጣጫ። በከባድ ቢጫ ወባ ጎልቶ የሚታየው መድማት ነው። በከባድ ኮቪድ ደግሞ ደም ከመጠን በላይ ይረጋል፤ በእግርና በሳንባ የደም ሥሮች ውስጥ ረግቶ መተላለፊያውን ይዘጋል። በዚህም ምክንያት በሆስፒታል የተኙ የኮቪድ ታማሚዎች ሄፓሪንን የመሰሉ፣ ደም እንዳይረጋ የሚያደርጉ መድኃኒቶች ይሰጧቸው ነበር። ያው መድኃኒት ለሚደማ የቢጫ ወባ ታማሚ ቢሰጥ ሊገድለው ይችላል። «ለቫይረስ ጥሩ ነው» ወይም «ደም ያቀጥናል» እየተባለ ከጎረቤት የሚወሰድ መድኃኒት አደገኛ የሚሆነው ስለዚህ ነው።

ሆስፒታል ምን ያደርጋል?

ቢጫ ወባን የሚያድን የተረጋገጠ የፀረ ቫይረስ መድኃኒት እስካሁን የለም። ይህ ማለት ግን ሕክምና የለም ማለት አይደለም። ጉበት ጊዜ ካገኘ ራሱን መጠገን የሚችል አካል ነው። የሕክምናው ሥራ ታማሚውን እስከዚያ ድረስ በሕይወት ማቆየት ነው።

ለታማሚው በደም ሥር ፈሳሽ ይሰጠዋል፤ የደም ግፊቱና የሽንቱ መጠን ይለካል። የተጎዳ ጉበት ስኳር በደም ውስጥ ጠብቆ ማቆየት ስለሚያቅተው ግሉኮስ ያስፈልገዋል። ጨጓራው እንዳይደማ የጨጓራ አሲድ የሚቀንስ መድኃኒት ይታዘዝለታል። ቫይታሚን ኬ ሊሰጠው ይችላል፤ ሆኖም ቫይታሚኑ የሚሠራው በጉበት በኩል ስለሆነ ጉበቱ ክፉኛ ከተጎዳ ውጤቱ ውስን ነው። ኩላሊቱ ሥራውን ካቆመ የኩላሊት እጥበት ያስፈልገዋል።

መድማቱ ሲበረታ ግን ዋናው ሕክምና ከሌላ ሰው የሚመጣ ነው። ቀዝቅዞ የተቀመጠ ፕላዝማ የጎደሉትን ደም የሚያረጉ ፕሮቲኖች ይተካል። ፕላትሌት የወረደውን ቁጥር ከፍ ያደርጋል፤ ቀይ የደም ሕዋስ ደግሞ የፈሰሰውን ይተካል። ከእነዚህ ውስጥ ቶሎ የሚያልቀው ፕላትሌት ነው፤ ከተለገሰ በኋላ የሚቆየው 5 ቀን ያህል ብቻ ነው። ደም ተለያይቶ በማይዘጋጅበት ቦታ ያልተለየ ሙሉ ደም መስጠት የተለመደ ነው።

እዚህ ላይ የወረዳው ሚና ይመጣል። በለቀማ ወራት ሰው ሁሉ ማሳ ላይ ስለሚሆን ደም ለጋሽ ማሰባሰብ ይከብዳል። ደም ግን ታማሚው ከመጣ በኋላ ተፈልጎ የሚደርስ ነገር አይደለም። ዕድሜው ከ18 እስከ 65 ዓመት የሆነ፣ ክብደቱ ከ45 ኪሎ ግራም ያላነሰና ጤነኛ የሆነ ሰው በየሦስት ወሩ ደም መለገስ ይችላል። ከለቀማው በፊት በገበያ ቀን፣ በኅብረት ሥራ ማኅበራት ስብሰባና በትምህርት ቤቶች የሚደረግ የደም ልገሳ ለወላድ እናቶችም፣ ለወባ ታማሚ ሕፃናትም፣ ለአደጋ ተጎጂዎችም ይተርፋል።

እንሰቱ፣ ጎደሬውና ትንኟ

ቢጫ ወባ ከግብርና ጋር ያለው ግንኙነት በዚሁ በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያም በግልጽ ታይቷል። ከ1953 እስከ 1955 ዓ.ም በኦሞ ሸለቆና በዙሪያው የተነሣው ወረርሽኝ በአፍሪካ ከተመዘገቡት ታላላቅ የቢጫ ወባ ወረርሽኞች አንዱ ነው። በግምት 100 ሺህ ሰዎች ታመው 30 ሺህ ያህሉ እንደሞቱ በወቅቱ የተደረገው ጥናት ያስረዳል። ይህ የደረሰው አንድ ሚሊዮን ገደማ ሕዝብ በሚኖርበት አካባቢ ነው። ጥናቱን ያካሄዱት አዲስ አበባ በነበረው የኢትዮጵያ ፓስተር ኢንስቲትዩት ይሠሩ የነበሩ ተመራማሪዎች ናቸው።

ተመራማሪዎቹ በመንደር ውስጥ በሽታውን ከሰው ወደ ሰው የምታዛምተው ትንኝ ኤደስ ሲምፕሶኒ የምትባለው መሆኗን ለዩ። የምትራባበትንም ቦታ አገኙ፤ የእንሰትና የጎደሬ ቅጠል ከግንዱ ጋር በሚገናኝበት ጎድጓዳ ስፍራ ዝናብ ሲጠራቀም ትንኟ እዚያ ትፈለፈላለች። ሙዝም ተመሳሳይ ቦታ አለው። በደን ውስጥ ደግሞ ሌሎች የኤደስ ዝርያዎች ቫይረሱን ከጦጣ ወደ ጦጣ ያዘዋውሩታል። የአፍሪካ ጦጣዎች ብዙውን ጊዜ ቫይረሱን ይዘው አይታመሙም፤ ስለዚህ የሞተ ጦጣ አለመታየቱ ለመንደሩ ዋስትና አይሆንም።

የደን ቡና፣ የጥላ ዛፍ፣ እንሰት፣ ሙዝና ጎደሬ ጎን ለጎን የሚበቅሉበት ጓሮ በቤንች ሸኮ፣ በሸካና በካፋ ዞኖች የኑሮ መሠረት ነው። መፍትሔው እንሰት መቁረጥ አይደለም፤ ቤተሰብን ከበሽታ ለማዳን ብሎ ለረሃብ ማጋለጥ አያዋጣም። የሚቻለውን ግን ማድረግ ይገባል። የደረቀና የተንጠለጠለ ቅጠልን ማንሣት፣ በበርና በመስኮት አጠገብ ያለውን ተክል ማሳሳት፣ የውሃ እንስራንና በርሜልን መክደን፣ ያረጀ ጎማና ጣሳን ማስወገድ፣ በእሸት ቡና መፈልፈያ ጣቢያዎች ውሃ የሚያቁር ዕቃን መድፋት ይጠቅማሉ። ለቃሚዎች እጅጌው ረዥም የሆነ ልብስና ረዥም ሱሪ ቢለብሱ ይመከራል። ሆኖም በአንድ ቀበሌ ያለውን እንሰት ሁሉ እየዞሩ ውሃውን ማፍሰስ ስለማይቻል፣ እነዚህ ሁሉ ተደምረው የክትባትን ቦታ አይተኩም።

አንድ ጊዜ ለዕድሜ ልክ

17ዲ የሚባለው የቢጫ ወባ ክትባት ከ80 ዓመት በላይ ሲሠራበት ቆይቷል። ይህን ክትባት ያስገኘው ተመራማሪ ማክስ ታይለር እ.ኤ.አ. በ1951 የኖቤል ሽልማት ተሰጥቶታል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚያስረዳው አንድ ጊዜ መከተብ ለዕድሜ ልክ ይበቃል። ከተከተቡት ሰዎች ከ80 እስከ 100 በመቶው በ10 ቀን ውስጥ፣ ከ99 በመቶ በላዩ ደግሞ በ30 ቀን ውስጥ መከላከያ ያዳብራሉ። ክትባቱ ከ6 ወር በታች ላሉ ሕፃናት አይሰጥም። ነፍሰ ጡሮች፣ የበሽታ መከላከል አቅማቸው በጣም የተዳከመና በእንቁላል ከባድ አለርጂ ያላቸው ሰዎችም አስቀድመው ባለሙያ ሊያማክሩ ይገባል።

ያልተከተበ ሕዝብ ባለበት በሽታው ተመልሶ እንደሚመጣ ታሪኩ ይመሰክራል። ከታላቁ ወረርሽኝ ጥቂት ዓመታት በኋላ በአባያ ሐይቅ አካባቢ ዳግም ተነሣ። በ2005 ዓ.ም በደቡብ ኦሞ ሲታይ በሰኔ ወር ከ500 ሺህ በላይ ሕዝብ ለመከተብ ዘመቻ ተጀመረ። ከዚያ በኋላም በወላይታ ዞን ኦፋ ወረዳ፣ ቀጥሎም በጉራጌ ዞን ታይቷል።

ለቡና አካባቢ የ10 ቀኑ ቁጥር ትልቅ ትርጉም አለው። ከደጋ የሚመጣ ለቃሚ እርሻው ከደረሰ በኋላ ቢከተብ የመጀመሪያዎቹን ቀናት ያለ መከላከያ ያሳልፋል። ታሞ ወደ ቀዬው ቢመለስ ደግሞ ቫይረሱን ይዞ ሊሄድ ይችላል። ስለዚህ ክትባት በሚቀርብበት ጊዜ ሁሉ የሠራተኛ ምልመላና የክትባት መርሐ ግብር አብረው መታቀድ አለባቸው፤ ለቃሚው ወደ ማሳ ከመግባቱ ቢያንስ 10 ቀን ቀደም ብሎ መከተብ ይኖርበታል።

ከቀበሌ እስከ ወረዳ

በሕግ በአስቸኳይ ሪፖርት ከሚደረጉ በሽታዎች አንዱ ቢጫ ወባ ነው። ትኩሳት ይዞት በሁለት ሳምንት ውስጥ ዓይኑ ቢጫ የሆነ ሰው ሲገኝ፣ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ በ30 ደቂቃ ውስጥ ለበላይ አካል ማሳወቅ ይጠበቅባታል። የወባ ምርመራው ነጻ ቢሆን ጥርጣሬው ይጠነክራል፤ ወባ ቢገኝበትም ዓይኑ ቢጫ ከሆነና ከደማ ጉዳዩ እዚያ ላይ አይዘጋም። አንድ የተረጋገጠ ታማሚ እንኳ እንደ ወረርሽኝ ይቆጠራል። ከዓለም አቀፉ የድንገተኛ ጊዜ ክምችት ክትባት የሚጠየቀው የላቦራቶሪ ማስረጃ ተይዞ ስለሆነ፣ ከመጀመሪያው ታማሚ በጊዜ የተወሰደ የደም ናሙና ለመላው ወረዳ ክትባት ያስገኛል።

አርሶ አደሩም የራሱ ድርሻ አለው። ትኩሳት የያዘው ሰው፣ ቀንም ቢሆን በአጎበር ሥር ቢተኛ ይመረጣል፤ በሕመሙ የመጀመሪያ 5 ቀናት ውስጥ የነደፈችው ትንኝ ቫይረሱን ወስዳ ለሌላው ልታስተላልፍ ትችላለች። ትኩሳቱ ከበረደም በኋላ ለሦስት ቀን ያህል ከከባድ ሥራ ማረፍ፣ ዓይንንና ሽንትን መከታተል ይገባል። ዓይን ቢጫ ከሆነ፣ ሽንት ከጠቆረ ወይም ከቀነሰ፣ ድድ ከደማ፣ ትውከት ከጠቆረ ነገ የሚባል ቀጠሮ የለም። ለሚዛንና ለቴፒ አካባቢ ነዋሪዎች የሚዛን ቴፒ ዩኒቨርሲቲ ማስተማሪያ ሆስፒታል ሚዛን አማን ከተማ ይገኛል፤ የጤና ጣቢያው ድርሻ ታማሚውን ሳያዘገይ ሪፈር መጻፍ ነው። መረጃ ወይም ጥቆማ ያለው ሰው በነጻ የስልክ መሥመር 8335 የኢትዮጵያ ሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩትን ማግኘት ይችላል።

ለወረዳ አመራሮች ሥራው የሚጀምረው የለቀማ ዕቅድ በሚወጣበት ጠረጴዛ ላይ ነው። የመፈልፈያ ጣቢያ ፈቃድ፣ የመንገድ ጥገናና የለቃሚ ብዛት በሚቆጠርበት ስብሰባ ላይ የጤና ጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ ቢቀመጥ፣ ሦስት ጥያቄዎች ከአጀንዳው እንዳይወጡ ያደርጋል፦ የሚመጡት ለቃሚዎች ተከትበዋል ወይ? የደም ልገሳው የሚካሄደው በየትኛው ቀን ነው? ከእርሻው ታማሚ ቢነሣ የትኛው አምቡላንስ፣ በየትኛው መንገድ ያደርሰዋል? መልሳቸው ከለቀማው በፊት ከተገኘ ለቃሚውም ቡናውም በደኅና ይገባሉ።